ጎማ ጨራሹ አያ ይስማው

አያ ይስማው መሞታቸውን የሰማሁት ከአንድ ሚኒባስ ጎማ ላይ ሚስማር ስነቅል ነው። ሹፌሩ አጠገቤ ቆሞ እያየኝ፣ «ሰማህ? አያ ይስማው ዐረፉ» አለኝ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣውን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ «በቃ፣ ከእንግዲህ ጎማ የሚገዛኝ የለም» ነው ያልሁት። ሹፌሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን። እንጅባራ ውስጥ ለአያ ይስማው እየሳቀ ያላለቀሰ ሰው ካለ፣ እሱ ገና ትናንት ከተማ የገባ ነው።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ቤቴ ከአስፋልቱ ዳር፣ ወደ ዳንግላ መውጫው ላይ ነው። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ አየር እሞላለሁ፣ አዲስም አሮጌም እሸጣለሁ። በድንጋይ የተቀደደ፣ በጭነት የፈነዳ፣ ሹፌሩ ሰክሮ ቦይ ውስጥ የከተተው፣ ያላየሁት የጎማ ዓይነት የለም። የአያ ይስማውን ያህል ያንገበገበኝ ግን አልነበረም። ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ሚስቴም ደንበኞቼም ይመሰክራሉ። እኒያን ሰውዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቼ ልጨርስ አልቻልሁም። ገና ድምፄን ከፍ ሳደርግ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «እንደት ዋልህ ልጄ? ልጆቹ ደኅና?» ይሉኛል። ሰላም ላለ ሰው አለመመለስ ነውር ነው። ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን ስናገር፣ ታናሿ ጉንፋን እንደያዛት ስናገር፣ የተቆጣሁበት ነገር ይጠፋኛል።

አያ ይስማው የዘንገና አካባቢ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በፈረስ ንግድ ነው። አዘና ገበያ ገዝተው አዲስ ቅዳም ይሸጣሉ፣ አዲስ ቅዳም ገዝተው ዳንግላ ይሸጣሉ። በዚህ መስመር ላይ ፈረስ ከእሳቸው ያልገዛ ወይም ለእሳቸው ያልሸጠ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ረጅም ቀጭን ናቸው፤ እግራቸው ከኮርቻ ብዛት ወደ ውጭ ጎብጧል። ካረጁ በኋላ ከሚስታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር ከተማ ገቡ። እትዬ ብርቄ ደግሞ ጉልበታቸውን ታመሙ። ሐኪሙ በየሳምንቱ ዳንግላ ሆስፒታል እየመጡ ጉልበታቸውን በእንቅስቃሴ እንዲያሠሩ አዘዛቸው፤ ካቋረጡ ይደርቃል፣ ከደረቀ ደግሞ ከአልጋ መውረድ የለም አላቸው። በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ እግር መዘርጋት የት ተገኝቶ! ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃቸው ስመኝ ይህን ስትሰማ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ገዝታ ላከችላቸው። አያ ይስማውም በዚያ ዕድሜያቸው ተምረው መንጃ ፈቃድ አወጡ።

መኪናዋ ከባጃጅ እምብዛም አትበልጥም። ሲገቡባት ጉልበታቸው መሪውን፣ ባርኔጣቸው ጣሪያውን ይነካል። ሰው ሲስቅባቸው፣ «ውርንጭላ ናት፣ ገና ታድጋለች» ይላሉ።

ያቺ ውርንጭላ ታዲያ ጎማ ትበላ ነበር። ሌላው ሰው ዓመታት የሚነዳበትን ጎማ አያ ይስማው ከመስቀል አንሥተው ለፋሲካ አያደርሱትም። ሙልጭ! ያመጡልኛል፣ እቀይራለሁ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ ያመጡታል። ቁጢጥ ብለው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል፤ የፈረስ ጥርስ አይተው ዕድሜ እንደሚቆጥሩት ማለት ነው። አንድ ቀን ቀና ብለው፣ «ይኸ ጎማ እኮ ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን ደብቀህ ነው የሸጥህልኝ» አሉኝ።

እኔን! በቆምሁበት ደሜ ፈላ። ስሜን ለማንጻት ስል የማላደርገው የለም አልሁ። አየሩን ለካሁ፤ ልክ ነው። የመሪውን ቲራንቲ ነቀነቅሁ፣ የእግሩን ኩሽኔታ አሽከረከርሁ፤ ጤነኛ ነው። የፊት እግሮቹ ተዛብተው እንደሆነ ብዬ ባሕር ዳር ድረስ ልኬ አላይመንት አስለካሁ፤ ማሽኑ ቀጥ ያለ ነው ብሎ መለሳቸው። ጭነት ያበዙ እንደሆነ ጠየቅሁ። «ብርቄን ብቻ ነው የምጭን» አሉ። እትዬ ብርቄ ከውስጥ ሁነው፣ «ጭነት ነኝ እንግዲህ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በመስኮቱ ጠቀሱኝና፣ መኪናዋን መገልበጤን ትቼ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬያቸው እንድሄድ፣ ሁሉንም በዓይኔ እንደማየው ነገሩኝ።

ሄድሁ። እኔ ከኋላ፣ እትዬ ብርቄ ከፊት፣ እግራቸውን ዘርግተው። ጉዞው መልካም ነበር፤ ሰውዬው ደኅና ይነዳሉ። ልክ ከከተማው ወጥተን ፍጥነት እንደያዝን አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊታችን ይሄዳሉ። አያ ይስማው አጠገባቸው ሲደርሱ፣ «ውይ፣ እሳቸው ናቸው ለካ» አሉና ፍሬኑን በሙሉ እግራቸው ረገጡት። ግንባሬ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተማታ። ጎማው ተቆልፎ እየጮኸ ተጎተተ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ መኪናዋ ከአስፋልቱ ጠርዝ ዘላ ኮረት ላይ ዱብ አለች። አያ ይስማው በሩን ከፍተው ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሰላምታ ጀመሩ።

ሰላምታ ስላችሁ የእናንተን ሰላምታ እንዳይመስላችሁ። በአገውኛ ይጀምራሉ፤ ስለ ራስ፣ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ ይጠይቃሉ። ሌላኛውም በተራው ይጠይቃል። ያ ሲያልቅ፣ የዘነጉት ነገር እንዳይኖር ይመስለኛል፣ በአማርኛ እንደገና ከራስ ይጀምራሉ። እትዬ ብርቄም ሽማግሌ ቆሞ እሳቸው አይቀመጡም፤ ወርደው በሩን ተደግፈው፣ በዚያ በታመመ እግር ቆመው ይጠብቃሉ። ሲያልቅ ተመልሰን እንገባለን፤ አያ ይስማው መሪውን በቆመችበት ጠምዝዘው ነዳጅ ይሰጣሉ፤ ጎማው ኮረቱን እየቧጠጠ፣ ጎኑን በአስፋልቱ ጠርዝ እየተላጠ ይወጣል። ጥቂት እንደሄድን አንዲት ሴት። ደግሞ ፍሬን። አዲስ ቅዳም ስንደርስማ የከሰሉ ጆንያ በመንገዱ ዳር ተደርድሯል፤ ከየጆንያው ኋላ ባለቤቱ አለ፤ ባለቤቱን ሁሉ አያ ይስማው ያውቁታል። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ሌላ መኪና ይዞ እየተናገረ ሳለ፣ እኛን ማንም ሳያስቆመን ቆመን የፖሊሱን እናት ጤና ጠየቅን። ፖሊሱም ለምዶታል፤ ክሱን አቋርጦ በሙሉ ልቡ መለሰ።

ግንባሬን እያሻሸሁ እትዬ ብርቄ አጠገብ ቆምሁ። «ጎማውን አየህ?» አሉኝ። አየሁ አልሁ። «የኔ ጉልበት በእርጅና ያለቀ ይመስልሃል? እሱ በፈረስ፣ እኔ በበቅሎ እየተከተልሁ፣ በወረደ ቁጥር ወርጄ ቆሜ ስጠብቀው ነው ያለቀ። ሐኪሙ ይኸን አያውቅም፤ ካልሲየም ይለኛል።»

ከሆስፒታሉ በር ላይ ሁኜ ሁሉንም ለአያ ይስማው አስረዳኋቸው። መኪናዋ አንዳች እንዳልጎደላት፣ ጎማው የሚያልቀው በመሄድ ሳይሆን በመቆም እንደሆነ፣ እንደዚያ በድንገት የተረገጠ ፍሬን የወር ዕድሜ እንደሚበላ ነገርኋቸው። ባይሆን ከሩቅ ቀስ እያሉ እንዲቆሙ ለመንሁ። ከሩቅ ሁሉም ሰው መሆኑ እንጂ ማንነቱ እንደማይታያቸው፣ የሚለዩት አጠገቡ ሲደርሱ እንደሆነ ነገሩኝ። በመስኮት እጅ ማንሣትስ? ብላቸው፣ ያ ሰላምታ ሳይሆን ዝንብ እሽ ማለት ነው አሉ። ሳይወርዱ ሰላም ማለትንማ ስናገር ተቆጡ፤ እኒያ የማይቆጡት ሰው!

«ኮርቻ ላይ ሁኖ ሽማግሌ ሰላም የሚል ባለጌ ነው» አሉኝ። «በፈረስ ያላደረግሁትን ነውር ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ ላድርገው?»

ምን ትላላችሁ? ሄጄ ጎማውን በአውራ ጣቴ ዳሰስሁ።

ነገሩ በዚሁ ይቀጥል ነበር፤ ስመኝ ግን ሰለቻት። ያገኘችው ሁሉ ወደ ጎማ ይሄዳል። በስልክ ቆርጣ ነገረቻቸው። አሁን የላከችው የጎማ ብር የመጨረሻው ነው፤ ይህ ጎማም እንደ በፊቶቹ ካለቀ መጥታ መኪናዋን ትወስዳለች። አያ ይስማው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው እኔ ቤት ነበር ያወሩት፤ ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ እንኳ ቁጣዋ በደንብ ይሰማ ነበር። እትዬ ብርቄ ጉልበታቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ በቀላሉ የማልፈራው እኔ ፈራሁላቸው። መኪናዋ ከሄደች ዳንግላ ቀረ፤ ዳንግላ ከቀረ እኒያ ሴትዮ አልጋ ላይ መቅረታቸው ነው።

አያ ይስማው ሚስታቸውን አዩና ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «በጊዮርጊስ፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ለማንም አልቆምም» አሉ። «እንደ ጋሪ ፈረስ ግራ ቀኝ እንዳላይ ዓይኔን ጋርዱኝ» ብለውም ጨመሩ። እውነታቸውን ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ጠቅልለው፣ መስኮቱን ዘግተው ሄዱ። እትዬ ብርቄ እንደነገሩኝ አንድም ቦታ አልቆሙም። ግን እያንዳንዱን ሰው ባለፉ ቁጥር መሪውን እንደያዙ ስሙን ይጠሩና፣ «እንደት ዋልህ፣ ይቅር በለኝ» ይላሉ አሉ፤ አዲስ ቅዳም ላይ እንባቸው እየወረደ ነበር። በጣም ከመፍጠናቸው የተነሣ ዳንግላ ሲደርሱ ሐኪሙ ገና አልገባም ነበር። እትዬ ብርቄ በዕድሜያቸው ሳይጠብቁ የደረሱበት ቀን ያ ብቻ ነው ብለው ሲያጫውቱኝ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ደስታቸው ያደረው ለአንድ ሌሊት ነው። በነጋታው ጠዋት ከአዲስ ቅዳም የመጣ አይሱዙ በራቸው ላይ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ እዝን የሚሆን እንጀራና ወጥ ተሸክመው እያለቀሱ ወረዱ። ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ይስማው ሰላም ሳይሉ አለፉ፤ እትዬ ብርቄ ደግሞ ለእግራቸው ብለው ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝተውታል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ሴትዮዋ ወይ ሞተዋል ወይ እያጣጣሩ ነው ብሎ ደምድሟል። ሌላ ምን ያስባል? አያ ይስማው በደኅና ቀን ሰው አያልፉም! አንዲት ሴት ደረቷን እየደቃች፣ «ወይኔ ብርቄ፣ ወይኔ እህቴ» እያለች አጥሩን ስትገባ በሩን የከፈቱላት ራሳቸው እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ድንች እየላጡ ነበር፣ ቢላዋውም በእጃቸው ነው። ሴትዮዋ ልቅሶዋን በድንገት ማቆም አቅቷት ጥቂት ቀጠለች። ከዚያ ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቀች።

«እስካሁን ማንም» አሉ እትዬ ብርቄ። «እስከ ማታ ግን እሱን ሳልገድለው አልቀርም።»

ለቀስተኛ ያመጣውን እዝን መልሶ አይወስድም። ተቀምጦ ተበላ፤ እኔም ተጠርቼ በላሁ።

ይህ ሳያልቅ ሽማግሌዎች መምጣት ጀመሩ። እነዚህ ደግሞ ሞት ሳይሆን ጠብ ነው ብለው የገመቱት ናቸው። ምን አስቀየምንዎት፣ ምን አጠፋን ይላሉ። አንዱማ ከመሬት ተነሥቶ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ ያን ጊዜ የሸጥሁልዎት ባዝራ አንካሳ መሆኗን ደብቄ ነበርና ይቅር በሉኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። አያ ይስማው እስከዚያ ቀን ድረስ ባዝራዋ አንካሳ እንደነበረች አያውቁም! እኔ ነኝ ሰኮናዋ ውስጥ ጠጠር ያስገባሁባት እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል። ያልነበረው ጠብ ሊጀመር ሲል ሽማግሌዎቹ መሀል ገቡ። አያ ይስማው መሐላቸውን አስረዷቸው፣ እትዬ ብርቄም የጉልበታቸውን ነገር አስረዱ፣ እኔም ስለ ጎማ የማውቀውን ሁሉ ተናገርሁ። በጥሞና ሰሙንና እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ መሐላውን ካህኑ ይፍቱት፣ ይስማውም ያለፉትን ሰው ሁሉ ባለፉበት ቦታ ሄደው ሰላም ይበሉ።

ፍርድ ነው፤ ተፈጸመ። አያ ይስማው ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ እየቆሙ፣ እየወረዱ፣ ከሰላምታው በላይ ይቅርታ እየጨመሩ ሄደው ተመለሱ። የቀረ ሰው እንዳይኖር ብለው ደገሙት። መኪናዋን በሬ ላይ ሲያቆሙ አየኋት፤ የጎማው ሽቦ ወጥቶ ነበር።

ስመኝ ቃሏን ጠበቀች። ከባሕር ዳር በአውቶቡስ መጥታ፣ ከእኔ ጎማ አስቀይራ መኪናዋን ወሰደች። አልቅሳለች፤ ጨካኝ ልጅ አይደለችም። አያ ይስማው አልተከራከሯትም። ሽቅብ ላይ እንዳታስቸኩላት፣ በብርድ ጠዋት ቶሎ እንደማትነሣ፣ የቀኝ በሯን ቀስ አድርጋ እንድትዘጋ መከሯት። የሸጡትን ፈረስ እንደሚሸኙት ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ገለል አሉ።

ቀጠሮው ሲደርስ ባልና ሚስቱ ከቤቴ ፊት አስፋልቱ ዳር ቆሙ። መጀመሪያ የመጣው ሚኒባስ ቆመ። ሹፌሩ የአያ ይስማው ወዳጅ ልጅ ነው፤ ገቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ ወደ ኋላ አሳልፎ እትዬ ብርቄን እግራቸውን አዘርግቶ አስቀመጠ። አያ ይስማውም ከኋላ ገቡ። ማታ ሲመለሱ ሹፌሩ ከእኔ ቤት ደርሶ ወረደና ጎተት አድርጎ አዋየኝ። ሰውዬው በየሰዉ ሲያስቆሙት ውለው ተሳፋሪው ሊደበድበው ምንም አልቀረውም፤ ዶሮ ይዛ የተሳፈረች ሴት ገበያው ተበትኖባት መርቃው ሳይሆን ረግማው ወርዳለች። ስለዚህ አያ ይስማውን ፊት ለፊት ለመናቸው።

«አያ፣ እትዬ ብርቄን በየሳምንቱ እንደ እናቴ አድርሼ እመልሳቸዋለሁ። እርስዎ ግን ይቅሩልኝ።»

እሺ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሚስታቸውን ሸኝተው እኔ ቤት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰላም አሉ። ረፋዱ ላይ ሰላም ያልተባለ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ጠፋቸው። ይነሣሉ፣ ወደ ዳንግላ በኩል ያያሉ፣ ይቀመጣሉ። «ዛሬ ዘገየች መሰለኝ» ይሉኛል። ገና ሐኪሙ ዘንድ አልደረሱም እላለሁ። ዝናብ መጣ፤ ጣሪያ ሥር ግቡ ብላቸው ሚኒባሱ ሊያልፈኝ ይችላል ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ቆሙ። ማለፍ እንደማይችል፣ ሴትዮዋ የሚወርዱት እዚሁ እንደሆነ ነገርኋቸው። አልሰሙኝም። ሰውነታቸው እስኪንቀጠቀጥ ቆመው፣ ዘወር ብለው ሲያዩኝ ከፊታቸው ላይ ያ ሁልጊዜ የማውቀው ፈገግታ ጠፍቶ ነበር። «አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ሰው ሲጠብቅ የሚውል እንዲህ ነው?»

ሚኒባሱ የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እትዬ ብርቄ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ አየሁ፤ ቀስ ብለው ግን ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። እንደለመዱት በአያ ይስማው አጠገብ አልፈው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።

አያ ይስማው ከፊታቸው ሄደው ቆሙ። ከዝናብ የራሰውን ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለሽማግሌ እንደሚያደርጉት ጎንበስ አሉ።

«እንደምን ዋልሽ ብርቄ?» አሉ።

እትዬ ብርቄ ቀጥ አሉ። እንደ ጅል አፌን ከፍቼ እያየሁ ነበር፤ ያኔ ነው የገባኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አገሩን ሁሉ ሰላም ሲሉ ያየኋቸው ሰውዬ፣ ሚስታቸውን ሰላም ሲሉ አይቼ አላውቅም። እትዬ ብርቄ ሁልጊዜ አጠገባቸው ቆመው ይጠብቁ የለም? ማን ልብ ብሎ!

«ተራዬ ደረሰ?» አሉ እትዬ ብርቄ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን ዋልህ?» አሉ።

እኔ ጎማ የምፈልግ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ አያ ይስማው ስለ እትዬ ብርቄ ጉልበት እየጠየቁ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ መንገዱ፣ ቀጥሎ ስለ ስመኝ ጠየቁ፤ እሳቸውም አንድ ሳይዘሉ ይመልሳሉ፣ በተራቸው ይጠይቃሉ። ወንበር አወጣሁላቸው፣ አልተቀመጡም። መሸ፤ ዕቃዬን ሰበሰብሁ፣ በሬን ቆለፍሁ። ጥያቸው ስሄድ ገና ከልጆቹ ወደ ከብቱ አልተሻገሩም ነበር።